ልጆቹን ማን ይይዛል? ጓደኛሞችና አንድ ሌሊት በላንጋኖ

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ በቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ የተሰለፉትን መኪኖች በመስኮታቸው ለተመለከተ፣ አዲስ አበቤ ከከተማው የሚወጣበት ምክንያት ብዙም አይሰወርበትም። ሚኒባሱ ሙሉ ሠርገኛ ነው። ከኋላው ባለው መኪና ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ለቅሶ ደራሾች ናቸው። ቀጥላ ያለችው ቪትዝ በልጆች ታጭቃለች፤ ትልቁ ትንሹን ሲቆነጥጥ እናትየዋ ዞራ ትቆጣለች። እኛ ደግሞ በሁለት መኪና ስድስት ሰዎች ነን። ሦስት ባል፣ ሦስት ሚስት። ሠርግ የለብን፣ ለቅሶ የለብን፣ ልጅም አልያዝን። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር አንድ ሌሊት አድረን ልንመለስ ነው።

ይህንን ለሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም። የግቢያችን ጥበቃ ሻንጣችንን መኪና ላይ ሲያግዘኝ «በሰላም ነው? ማን ሞተ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማንም እንዳልሞተ ስነግረው ፊቱ ፈታ አለ፤ ቀጥሎ ግን ወደ ኋላ ወንበር አየና «ልጆቹስ?» አለ። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም የሰማሁት ጥያቄ ይኸው ነው። የት ትሄዳላችሁ፣ ምን ያህል ያስወጣል ብሎ የጠየቀን ሰው ጥቂት ነው። ልጆቹን ማን ይይዛል ያላለ ግን የለም።

የእኛ አገር ቅዳሜና እሁድ ቀድሞውንም የባልና የሚስት አይደለም። ሕጉ ራሱ አጥብቦታል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ስምንት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብሎ ስለሚገድብ፣ በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ስድስት ቀን ቢሠራ አያስገርምም። ባንኮችም ቅዳሜ ክፍት ናቸው። ከስድስታችን አንዷ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ እሷ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ከወንበሯ ስለማትነሳ መነሻችን በእሷ ሰዓት ተቆረጠ። የቀረችውን አንድ ቀን ተኩል ደግሞ ሌላው ይቀራመታታል። ዕድሩ አለ፣ ማኅበሩ አለ፣ የአክስት ልጅ ምርቃት አለ፣ ቅዳሴ አለ፣ የልጆች ጥናት አለ፣ ለሰኞ የሚታጠብ ዩኒፎርም አለ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ እሁድ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ባልና ሚስት ሶፋ ላይ ተገናኝተው እያንዳንዳቸው ስልካቸውን ይከፍታሉ። አብረው እንደዋሉም ይቆጥሩታል።

ሁለቱ ብቻቸውን ለመሄድ ቢያስቡስ? ብዙ ጊዜ ሐሳቡ ከደጃፍ አያልፍም። ዘመድ «ተጣልተው ሊታረቁ ነው» ይላል፤ ሚስትም ልጆቼን ትቼ ለምኔ ትላለች፤ ባልም በዚህ ኑሮ ውድነት ይላል። ከጓደኛ ጋር ሲሆን ግን ነገሩ መልክ ይይዛል። ቀጠሮ ነው፣ ቃል ነው፣ አንዱ ቢቀር ሌላው ይቀየማል። እኛም ወጪውን እንደ ዕቁብ በየወሩ ለአንዲቷ ጓደኛችን እየሰጠን ነው ያጠራቀምነው። ገንዘቡ ከእጃችን ከወጣ በኋላ «ይቅርብን» ማለት አልተቻለም።

ልጆቹን የያዙልን የባለቤቴ እናት ናቸው። እቴቴ እንላቸዋለን። ከጉለሌ ዓርብ ማታ ሲመጡ ድፎ ዳቦና የልጆቹን በሶ ይዘው ነው። ባለቤቴ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችላቸው። ትንሹ ያለ ሰማያዊው ብርድ ልብስ አይተኛም። ትልቋ ቲቪ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳታይ። የሳል ሽሮፑ ምሳ ከበላ በኋላ፣ በመርፌው መለኪያ አምስት ሚሊ። እንቁላል ከአንድ በላይ አይሰጠው። የሐኪሙ ስልክ፣ የጎረቤት ስልክ፣ የእኛ ስልክ ሁለቱም። እቴቴ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ከዚያ አጥፈው ከመቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። «አንቺንም ያሳደግሁሽ በወረቀት ነው?» አሉ። ወዲያው ደግሞ ወደ እኔ ዞረው «ሂዱ ልጄ፣ እኔ ከአባቷ ጋር ሶደሬ የሄድኩት አንድ ቀን ነው፤ እስከ ዛሬ አወራዋለሁ» አሉኝ። ባለቤቴ ይህንን ታሪክ ሰምታው አታውቅም ነበር። ጉዞው ገና ሳይጀመር አንድ ነገር አተረፍን።

መንገዱ ድሮ እንደሚያውቁት አይደለም። በ2007 ዓ.ም. መግቢያ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ሞጆ ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ በመቂ በኩል ባቱ ድረስ ሌላ የፍጥነት መንገድ ተዘርግቷል። ቀድሞ አልቃይዳ የሚሏቸውን አይሱዙዎች፣ የአህያ ጋሪና ባጃጅ እየሸሹ ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ጉዞ አሁን በሦስት ሰዓት ይገባደዳል። የቀረብን በመንገድ ዳር ይሸጥ የነበረው ነው፤ የመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በየጥላው የተደረደረው ሐብሐብ ከፍጥነት መንገዱ ላይ አይገኝም። ባቱ ላይ ወርደን ዓሣ በላን። የዝዋይ ቆሮሶ ሙሉውን፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ ጥርስ ሲነካው እስኪንኮሻኮሽ ይጠበሳል፤ አጠገቡ ዳጣና ሎሚ። በእጅ እየቆነጠሩ ከአጥንቱ ማላቀቅ ብቻ ነው። ከእኛ ውስጥ አንዱ ሹካ ጠይቆ ስቀንበታል።

ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ቢሾፍቱን ነው፤ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ እያለ። ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከአሜሪካ የተመለሱት ታዲዮስ ጌታቸው በለጠ በኩሪፍቱ ሐይቅ ዳር ያቋቋሙት ሪዞርትም የብዙ ጫጉላ ሽርሽር ትዝታ ነው። እኔ ግን ለወላጆች አልመክረውም። ያን ያህል ቅርብ ከሆኑ ትንሹ ትኩሳት እንደያዘው ሲሰሙ ማታውኑ ተመልሰው ይገባሉ። ወንጪም ይነሳል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ የመረጠው፣ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ያለበት ቦታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ብርድ ለሁለት ቀን ለማን ይመቻል? ለፈረስ ጉዞ ለሚሄድ ይመቻል። ተኝቶ መነሳት ለሚፈልግ ስምጥ ሸለቆ ይሻለዋል።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአርሲ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች ይገቡበታል፣ በሆራ ቀሎ በኩል ትርፉ ወደ አብያታ ይፈሳል። ውኃው ቡናማ ነው፤ መጀመሪያ ያየው ሰው ይህ ምኑ ይዋኝበታል ይላል። ቀለሙን የሰጠው ሳይዘቅጥ ተንሳፍፎ የሚቀረው ደቃቅ አፈር ነው እንጂ ቆሻሻ አይደለም፤ ውኃው ጨው ጨው ስለሚልና የቢልሃርዚያ ሥጋት የሌለበት ተብሎ ስለሚታወቅ ዋናተኛ ከሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይልቅ እሱን ይመርጣል። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የከተሜው ማረፊያ ነው። የአቶ በቀለ ሞላ ሆቴሎች በዚያ መስመር ስማቸው የታወቀ ነበር፤ ላንጋኖም ላይ ነበራቸው። ማዶ ያለው አብያታ ግን እንደ ላንጋኖ አልታደለም። ለሶዳ አሽ ፋብሪካና ለመስኖ በሚወሰደው ውኃ ምክንያት ዳሩ ከዓመት ዓመት ሲሸሽ ኖሯል፤ ፍላሚንጎ ለማየት የሚሄድ ሰው መኪናውን አቁሞ በደረቀው ነጭ መሬት ላይ ረጅም መንገድ መራመድ አለበት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። የዘወትሩ የከሰዓት ነፋስ ማዕበሉን አስነስቶት ነበር፤ ወንዶቹ ገባን፣ ሴቶቹ ግራር ሥር ወንበር አስጠግተው ተቀመጡ። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ወሬ ስለ ልጆች ነበር። የማን ልጅ ማንበብ ጀመረ፣ የማን ትምህርት ቤት ክፍያ ጨመረ፣ የማን ሞግዚት ሄደች። ከልጅ ለመሸሽ 200 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ስለ ልጅ የሚያወሩ ስድስት ሰዎች። የባንኳ ጓደኛችን ስልኳን ለሦስተኛ ጊዜ ስታነሳ ባሏ ነጠቃትና የጠረጴዛው መሐል ላይ ገለበጠው። ሌሎቻችንም አስቀመጥን። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚወራ ነገር ጠፋ። ይህች ዝምታ አስፈሪ ናት፤ ብዙ ባልና ሚስት ከልጆች ወሬ ሌላ የቀራቸው ነገር እንዳለ የሚፈትሹት እዚያ ላይ ነው።

ዝምታውን የሰበረው የፋርማሲ ባለሙያ የሆነው ጓደኛችን ነው። ሚዜዬ ነበር። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠበትን ዓመት አነሳ፤ ያኔ ሁላችንም ደህና ነኝ ሲል አምነነው ነበር። «እሷ ወርቋን ሸጣ የልጁን ትምህርት ቤት ከፈለች» አለ፣ ሚስቱ አጠገቡ እያለች፣ ወደ እኛ እያየ። «ሐብሉ የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኋትም። አውቄ ነው ያልጠየቅኋት፤ ብጠይቃት አለቅሳለሁ ብዬ።» ሚስቱ መልስ አልሰጠችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ጉልበቷ ላይ ማጣጠፍ ያዘች፤ አጠፈች፣ ፈታች፣ እንደገና አጠፈች። ኋላ ላይ ነው «ለእኔ እኮ ነግረኸኝ አታውቅም» ያለችው።

እኔ በዚህ ጉዞ ያየሁት ዋናው ነገር ይህ ነው፣ ስለ ጓደኛ መኖር ያለኝንም ግምት የለወጠው። አበሻ ባል ሚስቱን ዓይን ዓይኗን እያየ ማመስገን ያፍራል፤ ሚስትም ባሏን እንዲሁ። ለሦስተኛ ሰው ግን ይናገራል። ሦስተኛው ሰው ድሮ ነበር። ሚዜ የተባለው ለፎቶና ለሙሽራው ክራቫት አልነበረም፤ ለሙሽራዋ ወንድም ሆኖ፣ ሲጣሉ የሚጠራ፣ ሲከፋቸው የሚሄዱበት ቤት ነበር። ሽማግሌውም፣ የንስሐ አባቱም በባልና በሚስት መካከል ገብተው ያነጋግሯቸው ነበር። የከተማ ኑሮ ይህንን ሁሉ በአንድ ኮንዶሚኒየም በር ቆልፎበታል። ባለትዳሮች ብቻቸውን ቢሆኑ ይቀራረባሉ የሚለው አስተሳሰብ ለሌላው ይሠራ ይሆናል፤ እኛ አገር ግን ጥንዶች ብዙ ጊዜ ልባቸውን የሚከፍቱት ምስክር ሲኖራቸው ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይመስልም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሪቻርድ ስላቸር በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት 60 ጥንዶችን ወስዶ፣ እያንዳንዱን ጥንድ ከማያውቀው ሌላ ጥንድ ጋር ለ45 ደቂቃ አገናኝቷል። ገሚሶቹ ስለ ተራ ነገር እንዲያወሩ፣ ገሚሶቹ ስለ ራሳቸው የልባቸውን የሚያስወጡ ጥያቄዎችን እንዲመልሱ ተደረገ። ልባቸውን ያወጡት ከአዲሶቹ ጓደኞች ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሳቸው ፍቅረኛ ጋርም የበለጠ እንደተቀራረቡ ተናገሩ። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የአርተር አሮንና የባልደረቦቹ ሥራ ደግሞ ያስቃል፤ ጥንዶችን እጅና እግራቸውን አያይዞ አስሮ፣ በእንብርክክ ምንጣፍ ላይ ትራስ በእጅ ሳይነኩ እንዲያሻግሩ አድርጓል። አዲስና ፈታኝ ነገር አብረው የሠሩት አሰልቺ ሥራ ከተሰጣቸው ይልቅ ስለ ግንኙነታቸው የተሻለ ስሜት አደረባቸው። እሁድ ጠዋት በኪራይ ጀልባ ላይ መቅዘፊያውን በተቃራኒ እየጎተትን ስንዞር ያረፈድነው ባለቤቴና እኔ፣ ትራሱ ባይኖርም፣ ፈተናውን ያለፍን ይመስለኛል።

ሌሊቱን ብዙም አላወራውም። ተኛን። ልጅ ሳይጠራን፣ በር ሳይከፈት፣ ውኃ አምጡልኝ ሳይባል እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኛን። ወላጅ የሆነ ያውቀዋል፣ ያልሆነ አይገባውም።

ስለ ገንዘቡ ሳልናገር ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሪዞርት ዋጋም እንደ ዘይቱና እንደ ነዳጁ ወደ ላይ ነው፤ ክፍሉን ስንይዝ የተነገረንና ስንደርስ የጠበቀን ሂሳብ አንድ አልነበረም። ሁለት መኪና መያዛችንም ሞኝነት ነበር፤ አንድ ሚኒባስ ብንከራይ ሾፌሩ ዓሣውን ከእኛ ጋር ይበላ፣ ከወንዶቹም አንዱ እንኳ ቢራ እያማረው አይቀርም ነበር። ሌላው የመንገዱ ሰላም ነው። በዚያ መስመር ለመሄድ ያሰበ ሰው ዓርብ ማታ ደውሎ የአካባቢውን ሰው መጠየቁ፣ ጨለማ ሳይገባ መድረስና ሳይመሽ መመለስ አሁን የጉዞ ዕቅዱ አካል ሆኗል። እኛም እሁድ ምሳ በልተን ስምንት ሰዓት ሳይሞላ የተነሳነው ለዚሁ ነው። ድምር ሲታይ ሐይቁ ዳር የቆየነው አንድ ቀን እንኳ አይሞላም።

ቤት ስንደርስ ልጆቹ አልናፈቁንም። ትንሹ «እማማ ሁለት እንቁላል ሰጠችኝ» ብሎ ነው የተቀበለን። እቴቴ ወረቀቱን ከመቀነታቸው አውጥተው ለባለቤቴ መለሱላት። ወገባቸውን ያዝ አድርገው ሲነሱ ግን አየኋቸው። ሰባ የሞላቸው ሰው ሁለት ልጅ ሁለት ቀን ይዘዋል፤ የእኛ ዕረፍት የእሳቸው ድካም ነው። ከዚህ በኋላ ሦስቱ ቤተሰቦች ተስማምተናል፤ አንዱ ጥንድ ሲሄድ ሌላው ልጆቹን ይወስዳል፣ አያቶች የሚጠሩት እነሱው ሲፈልጉ ብቻ ነው። ጭቅጭቅ እንደሚኖረው አውቃለሁ። አምስት ልጅ በአንድ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ እናያለን።

ለመናገር ያቆየሁት ግን ሌላ ነው። እቴቴ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ምግቡን የሠራችው፣ ሌሊት ትንሹ ሲነሳ የተነሳችው፣ የሰኞውን ዩኒፎርም ያጠበችው ቤታችን የምትሠራው ልጅ ናት። እሁድ የእሷ ዕረፍት ነው። ከቅዳሴ ወጥታ ከእህቷ ጋር የምትገናኝበት፣ ከከፈልናት ገንዘብ ላይ ለቤተሰቦቿ የምትልክበት ቀን ነው። ማንም አልጠየቃትም፤ «እሁድ እኛ የለንም» ተባለች፣ «እሺ» አለች። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ ለሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ሰጥቶ ሳለ፣ በሰው ቤት ለግል አገልግሎት የተቀጠረውን ከተፈጻሚነቱ ውጭ አድርጎ ጉዳዩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ስለዚህ እሁዷን የሚያስከብርላት ያው አሠሪዋ ነው፤ ሐይቅ ዳር ሄዶ የተኛው ሰው።

በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ተነጋገርን። የእሁዱ ተከፈላት፣ ምትክ ቀን ምረጪ ሲባል ረቡዕን መረጠች፤ እህቷ ከምትሠራበት ቤት የምትወጣው ረቡዕ ነው። ልጅ ትታችሁ ለመሄድ የምታስቡ ባለትዳሮች፣ የክፍሉን፣ የነዳጁንና የዓሣውን ሂሳብ ወረቀት ላይ ስታሰፍሩ የሠራተኛዋን እሁድ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉት፤ ከመነሳታችሁ በፊትም ጠይቋት።